ስም የማይጻፍበት ቅጽ

ትርፌ አራተኛውን ቅጽ ጨርሳ አምስተኛውን ስትስብ፣ ማንደፍሮ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ የጻፈችውን አየ።

“የኔን ትንሽ ለወጥ አድርጊው” አላት። “ሁሉም ‘ቬሪ ጉድ’ ከሆነ ያስነቃል። እኔን ‘ኤክሰለንት’ በይልኝ።”

“ጥያቄው እኮ አንተ ምን ታስባለህ ነው የሚለው።”

“እኔማ ኤክሰለንት አስባለሁ።”

ቲቲ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ትርፌ አልሳቀችም። ቁጥር አምስትን አከበበች፤ ከታች ባለው መስመር ላይም ፊደሎቹን እኩል እኩል እያደረገች ማንደፍሮ የፈለገውን ቃል ጻፈች።

ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ ዕረፍት ላይ ናቸው። ክፍሉ ኦክላንድ፣ ቴሜስካል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ካለ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ነው። ለአዋቂዎች ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር ትንሽ ትምህርት ቤት የቅዳሜውን ክፍል ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሰጥቶታል። አሥራ አንድ ተማሪዎች አሉት። አስተማሪያቸው ሚስ ሜሪ ከዕረፍቱ በፊት ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ቅጽ አድላ፣ ስም እንዳይጻፍበት ሁለት ጊዜ አሳስባ፣ ወረቀት ልታባዛ ወደ ታች ወርዳለች። ቅጹ ስድስት ጥያቄ አለው። ስድስቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ጋሼ ኃይለየሱስ የቃላት መጽሐፍ።

ትርፌ የሁሉንም ትሙላ ብሎ ያዘዘ የለም። ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሲመጣ እጅ ጽሑፉ ወደሚያምረው ሰው መገፋቱ የቆየ ነገር ነው። እሷ የኦክላንድ ሴቶች እድር ጸሐፊ ናት፤ ሰው ሲሞት ማን ውሃ፣ ማን ወንበር፣ ማን ምግብ እንደሚያመጣ የሚታወቀው በእሷ ዝርዝር ነው። መጀመሪያ ሀምዛ ቅጹን ፊቷ አስቀመጠና “እንግዲህ አንድ አፍ እንሁን” አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ወዲያው አሥራ አንዱም ቅጽ ጠረጴዛዋ ላይ ተቆለለ።

ጋሼ ኃይለየሱስ ክፍሉ ውስጥ አልነበሩም። ተማሪ አይደሉም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስ ሜሪን በፈቃዳቸው የሚያግዙ የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው። ቅጹ ሲታደል ባርኔጣቸውን አንስተው “እኔ ባለሁበት ነፃ አትሆኑም” ብለው ወጡና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በበሩ መስተዋት ግን የባርኔጣቸው ጫፍ ይታያል። ጫፉ አይንቀሳቀስም።

መጽሐፉ መቶ አርባ ገጽ ነው፤ በሽቦ የተጠረዘ፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው። ጋሼ አዲስ አበባ ሃያ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል፤ እዚህ መጥተው ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቼር ገፍተዋል። ከጡረታ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ፊት እየተቀመጡ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ቃላት ከነአማርኛ ፍቺያቸው ጻፉ። ትምህርት ቤቱ ከዋናው መጽሐፍ ጎን ለጎን እንዲነበብ ብሎ ለክፍሉ አባዝቶ ካደለው ዓመት ከሁለት ወር ሆነው።

እዚህ ክፍል ውስጥ የእሳቸው ውለታ የሌለበት የለም። ትርፌን ለዜግነት ፈተና ያዘጋጇት አራት ወር በራሳቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። እናቷ አገር ቤት ሲያርፉ፣ መርዶ ሊያረዷት ጎህ ሳይቀድ በሯን ያንኳኩት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ለደከመበት መጽሐፍ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ስጡ ሲባል ምን ይደረጋል? አምስት ይሰጣል።

ትርፌን የከበዳት፣ ቅጽ ለማስሞላት አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ለወረቀቱ አንድ፣ ለእሷ ሌላ መናገሩ ነበር።

ሀምዛ አምስት በይልኝ ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላውን ነገራት። መሐል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ጠባቧ የጥበቃ ቤት ውስጥ ሆኖ በቀን አንድ ቃል ያጠናል። ቃላቱን ወዷቸዋል። የሚቸገረው ሲጠቀምባቸው ነው። በቀደም አንድ ሾፌር መውጫው ላይ ቆሞ አላንቀሳቅስ ሲል፣ ከመጽሐፉ ባገኘው ቃል እማጸንዎታለሁ፣ ይንቀሳቀሱ ብሎት ሰውየው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ‘ደህና ነህ ወይ?’ ሲል ጠየቀው።

“ታዲያ ምን አልከው?” አለችው ትርፌ።

“ምን እላለሁ? መምህሬ ቤተ መንግሥት ሳያስተምሩ አልቀሩም ብለው ይገባዋል?”

ቲቲን ያስቸገራት ደግሞ አማርኛው ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በስምንት ዓመቷ ከአዲስ አበባ ወጥታ ናይሮቢ ያደገች፣ አሁን አንድ ምግብ ቤት የምታስተናግድ።

“እትዬ ትርፌ፣ አንድ ቃል ፈለግሁ፤ ትርጉሙ ‘መንበረ ሥልጣንን በፈቃድ መልቀቅ’ ይላል። መንበረ ምንድነው? በመጨረሻ አማርኛው እንዲገባኝ እንግሊዝኛውን ጉግል አደረግሁት።”

“እና ስንት ልበልልሽ?”

“አምስት ነዋ። እሳቸው ናቸው እኮ።”

ማንደፍሮ መጽሐፉን ታክሲው ወንበር ሥር ነው የሚያስቀምጠው። በዓመት ከሁለት ወር ውስጥ ‘ሲ’ የምትለዋን ፊደል አላለፈም። አንድ ቀን ሲሞት፣ ቀብሩ ላይ በሚነበበው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ “ሲን ሊጨርስ ትንሽ ነበር የቀረው” ብላ እንድታስገባለት ለትርፌ አደራ ሰጣት። ሌሎቹም የየራሳቸውን አሉ፤ ፊደሉ ደቀቀብኝ ያለ አለ፣ የልጄ ልጅ ቀለም ቀባበት ያለችም አለች። ትርፌ ሁሉንም ሰማች፤ ለሁሉም አምስት ጻፈች። በመጨረሻ የቀረው የራሷ ቅጽ ሆነ።

ስድስተኛውን ጥያቄ ከሌሎቹ አብልጣ የምታውቀው እሷ ናት፤ አሥር ጊዜ አንብባዋለች። ተማሪዎቹ መጽሐፉን ከወደዱት ከመጪው ወር ጀምሮ በኦክላንድም በሳን ሆዜም ክፍሎች የቅዳሜው የመጨረሻ ሰዓት ለእሱ ይሰጣል፤ ትስማማላችሁ ወይ? ይላል። የመጨረሻው ሰዓት አሁን እነሱ የፖስታ ሰዓት የሚሉት ነው። እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ ውስጥ ከፖስታ ሳጥኑ ወይም ከሥራ ቦታው ያገኘውን ያልገባው ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ሚስ ሜሪ ሰሌዳ ላይ ትጽፈዋለች፤ አብረው ይፈቱታል። አንዱ የኢንሹራንስ ደብዳቤ ያመጣል፣ አንዷ የቤት አከራይ ማስታወቂያ፣ ሀምዛ ልጁ ትምህርት ቤት የላከለትን።

ትርፌ የምታመጣው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በርክሌ ውስጥ የአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምግብ ማቅረቢያ ትሬይ ታጥባለች፣ ዳቦና ጭማቂ ትደረድራለች። እያንዳንዱ የበሽተኛ ትሬይ ላይ ትንሽ ካርድ ይቀመጣል፤ ጨው ይቀነስ፣ ወተት አይግባ፣ ምግቡ ይፈጭ የሚል። ካርዱን እያነበበ ትሬዩን የሚያረጋግጠው ሌላ ሠራተኛ ነው። አሁን ያ ቦታ ክፍት ሆኗል። ከተሰጣት ወገቧ ከእቃ ማጠቢያው ይገላገላል። የንባብ ፈተና ግን አለው፤ የሚሰጠውም በመጪው ወር ማለቂያ ላይ ነው። አለቃዋ ከተጠቀሙባቸው ካርዶች የበሽተኛውን ስም እየቀደደች ትሰጣታለች፤ ትርፌ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሦስቱን ይዛ ትመጣለች። እስካሁን አርባ ሁለት ቃል አውቃለች። ያላወቀችው ይበልጣል።

ከሁለት ወር በፊት ሰው ጎድሎ ትሬይ እንድታወጣ ታዝዛ ነበር። አንዱ ካርድ ላይ ሦስት ፊደል ብቻ አየች። ልዩ ትእዛዝ የሌለበት መስሏት ሾርባና ዳቦ አድርጋ ጋሪው ላይ ጫነችው። ነርሷ ከሊፍቱ በር ላይ መለሰችው። ሦስቱ ፊደላት ‘በአፍ ምንም አይግባ’ ማለት ነበሩ፤ ሰውየው ከሰዓት በኋላ ቀዶ ጥገና ነበረበት። ማንም አልተቆጣትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚስ ሜሪ ፊደላቱን ሰሌዳው ላይ ስትጽፋቸው ግን ትርፌን የዚያ ሾርባ ሽታ ሸተታት።

የራሷን ቅጽ አምስት፣ አምስት እያለች ሞላች። ስድስተኛው ላይ ‘እስማማለሁ’ ብላ ጻፈች። አንድ ጊዜም አላመነታችም። ኋላ ላይ የገረማት ይኸው ነው።

ሚስ ሜሪ ተመልሳ ቅጾቹን ስትሰበስብ ሁለተኛው ላይ ቆም አለች። ሦስተኛውን አየች። ከዚያ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸውና የማን ጽሑፍ እንደሆነ ጠየቀች። ትርፌ እጇን አነሳች።

“ቲቸር” አለ ማንደፍሮ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ “ሺ ኢዝ አወር ሴክሬታሪ።”

ሚስ ሜሪ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ሰበሰበችው። አልተቆጣችም። አሥራ አንድ ሰው በአንድ እጅ ከጻፈ የአንድ ሰው ሐሳብ ነው፤ ሳን ሆዜ ያለው የትምህርት ቤቱ ዋና ቢሮ አይቀበለውም ብላ ቀስ አድርጋ አስረዳች። ለእያንዳንዳቸው አዲስ ቅጽ ሰጠች። የሚያስቸግር ቃል ካለ እሷን ይጠይቁ፤ መልሱን ግን ሁሉም ለየብቻው ይሙላ። በሩ አጠገብ ክዳኑ የተሰነጠቀ የጫማ ካርቶን አስቀመጠች፤ ከመሄዳቸው በፊት እዚያ ይክተቱት። ስም አይጻፍም አለች፤ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

“ስም የማይጻፈው ለምንድነው ግን?” አለ ሀምዛ በአማርኛ።

“ሳትፈራ እንድትናገር ነው” አለው ማንደፍሮ።

“እኔ መቼ ፈራሁ?”

“ይኸው አሁን አምስት አላልክም?”

ሀምዛ ቅጹን ለአራት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ትርፌ ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው መጸዳጃ ቤት ስትሄድ በጋሼ ፊት ማለፍ ነበረባት። ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ፈገግ አሉላት። ምን ጻፋችሁ ብለው አልጠየቋትም፤ የሚጠይቁ ሰውም አይደሉም። በሩን ዘግታ ሳን ሆዜ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጇ ዮርዲ ጋ ደወለች። ነገሩን ባጭሩ ነገረቻት።

“እማ፣ ጀስት ቴል ዘም” አለች ዮርዲ። “ኢትስ አኖኒመስ።”

“ስም የለውም ማለት ነው አይደል?”

“የስ። ኖባዲ ዊል ኖው።”

“እሱ እኮ ነው ችግሩ።”

“ዋት?”

“ምንም። ምሳ ሳትበዪ እንዳትውዪ።”

የፖስታው ሰዓት ሲጀመር ጋሼ ገብተው እንደ ልማዳቸው ከትርፌ አጠገብ ተቀመጡ። ከቦርሳቸው በፕላስቲክ የተሸፈነ አንድ ወረቀት አወጡ።

“ይቺን እይልኝ” አሏት በዝግታ። “ለአዲሱ እትም መግቢያ ጻፍኩ። ሦስት መቶ ኮፒ ያሳትማሉ አሉኝ፤ ቅጹ ካማረ።”

ወረቀቱ ግማሽ ገጽ ነው። መጀመሪያ እግዚአብሔርን፣ ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍቱን ያመሰግናል። ሦስተኛው መስመር ላይ ስሟን አየችው። በተለይም ወይዘሮ ትርፌ ዘነበን፣ ይላል።

“ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?”

“ረሳሽው? የዜግነቱን ስናጠና ያቺን የቃላት ደብተሬን አይተሽ ‘ይህንን መጽሐፍ ያድርጉት’ አልሽኝ። በማግስቱ ነው ቤተ መጻሕፍት የሄድኩት።”

ትርፌ አላስታወሰችም። ብላ ይሆናል። ያኔ አራት ወር ሙሉ ቤታቸው እየሄደች ሻያቸውን ጠጥታ፣ ጊዜያቸውን ወስዳ፣ በምን እንደምትክሳቸው ጨንቋት ነበር። ሰው ምስጋና ሲያጥረው ከሚለው ነገር አንዱን ብላ ይሆናል። እሳቸው ግን ሦስት ዓመት ሠሩበት።

ወረቀቱን በሁለት እጇ መለሰችላቸው። በዚህ መሐል ሚስ ሜሪ ስሟን ስለጠራች ትርፌ ተነሳች።

የዛሬው ካርድ ላይ ያልገባት የሚጠጣ ነገርን የሚመለከት ሐረግ ነበር። ሚስ ሜሪ ሰሌዳው ላይ ጽፋ በእጇ ጉሮሮዋን እያሳየች አስረዳቻቸው። መዋጥ የሚያስቸግረው በሽተኛ ውሃ እንኳ ትን ይለዋል፤ ስለዚህ የሚጠጣው ሁሉ ይወፍርለታል። ውፍረቱ ደረጃ አለው፤ አንደኛው ‘ኔክታር’ የሚሉት ቀጠን ያለ፣ ሁለተኛው እንደ ማር የሚዝለገለግ። ሁለተኛው ለሁሉም ገባው። የመጀመሪያው ላይ ተከራከሩ፤ ቲቲ እርጎ ነው አለች፣ ሀምዛ ሾርባ ነው አለ።

“አጥሚት ነው በቃ” አለ ማንደፍሮ። “የአራስ አጥሚት። ምን ያጨቃጭቃል?”

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሚስ ሜሪ አጥሚት ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ አምስት ሰው ባንዴ አስረዳት፤ በመጨረሻ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ልክ ነው አለች። ትርፌ የካርዱ ጀርባ ላይ ‘አጥሚት’ ብላ ጻፈች። አርባ ሦስተኛዋ ናት። ይህቺን መቼም እንደማትረሳት አወቀች።

ጋሼ ሰሌዳውን ትኩር ብለው እያዩ ነበር።

“ቃሉን አውቀዋለሁ” አሏት ስትመለስ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ዓይነት። “የአማልክት መጠጥ ብዬ ነው የተረጎምኩት።”

ትርፌ ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

ሰዓቱ ሲያልቅ ሁሉም ቅጹን አውጥቶ ማቀርቀር ጀመረ። ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ የፈተና ክፍል መሰለ። ጋሼ እንደ ጠዋቱ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ማንደፍሮ ግንባሩን እያሸ ይጽፋል፤ ሀምዛ ቅጹን ከኪሱ አውጥቶ መታጠፊያውን በመዳፉ ያስተካክላል። ትርፌ ብዕሯን ይዛ ለጥቂት ጊዜ ጠረጴዛውን አየች።

ከዚያ ጀመረች። ‘መጽሐፉ በጥንቃቄ ተሠርቷል?’ የሚለው ላይ አምስትን አከበበች፤ እውነት ነውና። ‘ለሥራዎ ይረዳዎታል?’ የሚለው ላይ ብዕሯ አምስት ላይ ደርሳ ተመለሰች። ሁለትን አከበበች። ስድስተኛው ላይ ‘አልስማማም’ አለች። ከታች ያለው ባዶ መስመር ላይ በእንግሊዝኛ፣ የምታውቃቸውን ቃላት ብቻ እየመረጠች፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፈች። ይህ መጽሐፍ በፍቅር የተሠራ ነው። ለሥራዬ የሚያስፈልጉኝ ቃላት ግን የሉበትም። የፖስታው ሰዓት እንዲቀር አልፈልግም።

አንብባ ጨረሰች። ምንም የጎደለው አልነበረም፤ ግን የጎደለው መሰላት። ወረቀቱን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ከመጨረሻው መስመር በታች ስሟን ጻፈች። ትርፌ ዘነበ። ትንሽ አሰበችና የአያቷንም ስም ጨመረች። ወልደሰንበት።

“ስም አትጻፉ ተብሏል እኮ” አላት ማንደፍሮ በሹክሹክታ።

“ስም ከሌለው ሐሜት ነው።”

ማንደፍሮ ወደ እሷ ቅጽ፣ ከዚያ ወደ ራሱ አየ። ብዕሩን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ሰዎች ተራ በተራ ወደ በሩ እየሄዱ ቅጻቸውን በካርቶኑ ስንጥቅ ይከቱ ጀመር። ትርፌ ቦርሳዋን አንግታ፣ ቅጹን በእጇ ይዛ፣ ካርቶኑ ጋ ስትደርስ አልቆመችም።

ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ኮታቸውን ይቆልፉ ነበር።

“ጋሼ” አለቻቸው ቅጹን በሁለት እጇ እየዘረጋች፣ “ካርቶን ውስጥ ሳይገባ እርስዎ ያንብቡልኝ።”

እርማት የፈለገች መሰላቸው። ብዙ ወረቀቷን አርመውላታል። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከደረት ኪሳቸውም ቀዩን ብዕራቸውን አወጡ። የብዕሩ ጫፍ በየቃሉ ሥር እየተንሸራተተ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጨረሰ። ሁለተኛው ላይ ቆመ። ሦስተኛውን በዓይናቸው ብቻ አነበቡት። ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመሩ።

ተማሪዎቹ እየወጡ በፊታቸው ያልፋሉ፤ ደህና ይዋሉ ጋሼ ይላሉ፤ ጋሼ ቀና ሳይሉ እጃቸውን ያነሳሉ። ቲቲ ልትቆም ፈልጋ የትርፌን ፊት ስታይ ደረጃውን ወረደች። ኮሪደሩ ጸጥ አለ።

“አንቺ ነሽ መጽሐፍ ያድርጉት ያልሽኝ” አሉ ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ እያስቀመጡ።

“ብያለሁ።”

“የልብሽን አልነበረም?”

“ምስጋናው የልቤ ነበር ጋሼ። መጽሐፉን ግን አላሰብኩበትም።”

ከታች የጥርስ ሐኪም ቤቱ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ይሰማል። የጋሼ ፊት አልተቆጣም፤ ግን ጠዋት የነበረው ብርሃን የለበትም። ትርፌ ይቅርታ ልትል አሰበች፤ ይቅርታ ካለች ግን የጻፈችውን እንዳልጻፈች ይሆንባታል።

ኋላ ላይ ቀዩ ብዕር ተንቀሳቀሰ። ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ጎን፣ ጠርዙ ላይ፣ አራት ወር ሙሉ ደብተሯን ባረሙበት በዚያው ዘመም ባለ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ጻፉ። ቅጹንም ሳያዩዋት መለሱላት።

‘የትኞቹ?’ ይላል።

በኮሪደሩ መስኮት ወደ በርክሌ የሚሄደው ስድስት ቁጥር አውቶቡስ ከታች ሲመጣ ታየ። የከሰዓት ፈረቃዋ ገና ነው፤ ይህ ቢያመልጣት የሚቀጥለው ያደርሳታል። ክፍሉ ውስጥ፣ በሚስ ሜሪ ጠረጴዛ ላይ የተረፉ ንጹህ ቅጾች ነበሩ። ካርቶኑ ውስጥ ለሚገባው፣ ስምም ቀይ ቀለምም በሌለበት ቅጽ ላይ ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ለመገልበጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅባትም።

ትርፌ ከጋሼ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስም የተቀደደባቸውን ካርዶች አወጣች፤ ቅጹን ቦርሳዋ ላይ ዘረጋችው፤ ከቀዩ ጥያቄ ሥር የመጀመሪያውን ቃል መጻፍ ጀመረች። ጋሼ መነጽራቸውን አላወለቁም። አውቶቡሱ ቆመ፣ በሩን ከፈተ፣ ሄደ።